የማይኩ ጩኸት ከየት ገባ?

ጥር ሲገባ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ድንኳን የማይጣልበት ሰፈር አይገኝም። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሠርጉ ይደራረባል፤ ድንኳን ባለበት ደግሞ ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰርና አንድ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ አይታጣም። ሽማግሌው ሊመርቁ ተነሥተው ማይኩን ሲይዙ ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ በመካከሉ "ሽሽሽ" የሚል ነገር ይገባል፣ እንግዳው ጆሮውን ይይዛል። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። አንዱ "ኔትወርክ ነው" ይላል፤ ሌላው "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል፤ ሌላው ኮረብታው ላይ ወደቆመው የስልክ ማማ ይጠቁማል። ባለሳውንዱም በሳምንቱ መርካቶ ወርዶ ሌላ ማይክ ይገዛል፤ አዲሱም ማይክ በሚቀጥለው ሠርግ ያንኑ ጩኸት ያሰማል። ዛሬ የምንለው ይህ ፍርድ ከምርመራ በፊት የተሰጠ መሆኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱ ድንገት ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ድሮም አየሩ ላይ ነበረ። የተሰማው የራሳችን ማይክ ሞገድ ሪሲቨሩ ዘንድ የደረሰው ደክሞ ስለሆነ ነው። የደከመበትን ምክንያት ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣ፣ በጆሮና በማስተዋል ማግኘት ይቻላል።

ይህን ለማመን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። በእጅ የሚያዘው ክፍል ድምፁን ወደ ሬዲዮ ሞገድ ቀይሮ ያሰራጫል፤ ሚክሰሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሪሲቨር፣ የዲሹን ማለታችን አይደለም፣ ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው፤ የአሜሪካው ሹር ኩባንያ ገመድ አልባ ማይክ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ የጀርመኑ ዜንሃይዘርም በ1957 ተከትሎታል። ዛሬ በየድንኳኑ የምናያቸው አብዛኞቹ ማይኮች የሚሠሩት ሬዲዮናችሁ በሚያውቀው በኤፍ ኤም ስልት ነው። ልዩነቱ ኃይሉ ላይ ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያ በመቶና በሺህ በሚቆጠር ዋት ያሰራጫል፤ ማይኩ የሚረጨው ግን ከ10 እስከ 50 ሚሊ ዋት ነው። 50 ሚሊ ዋት የአንድ ዋት ሃያኛ እጅ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚመጣ ሰው የከተማውን ኤፍ ኤም ከፍቶ ይጓዛል እንበል። መንገዱ ሲረዝም፣ ኮረብታው በኋላው ሲቀር፣ ጣቢያው እየተቆራረጠ በሽሽታ ይዋጣል። ያን ሽሽታ መንገድ ላይ የጨመረው የለም፤ ጣቢያው ሲደክም ብቅ አለ እንጂ። የመድረኩም ነገር ይኸው ነው። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ወደ 30 ሜትር ያጥራል፣ በኮረብታው ፋንታ የሰው ገላ ይቆማል፤ የሚሆነው ግን አንድ ነው።

ኤፍ ኤም ሌላም ጠባይ አለው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ሪሲቨሩ ሁለቱን እኩል አያሰማም፤ ብርቱውን ይዞ ደካማውን ይጥላል። ስለዚህ የጎረቤት ድንኳን ማይክ በእናንተው ፍሪኩዌንሲ እየሠራ እንኳ፣ የእናንተ ማይክ ቅርብና ብርቱ እስከሆነ ድረስ፣ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ተናጋሪው ማይኩን ሲያጠፋው ወይም ከሪሲቨሩ ርቆ ሲሄድ ግን የሌላው ሠርግ ዘፈን በእናንተ ሞንታርቦ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው "አሁን ገባብን" ይላል፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረ። ይህን ለመከላከል በሪሲቨሩ ውስጥ ስኮልች የሚባል መቆጣጠሪያ አለ፤ የሚደርሰው ሞገድ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ድምፁን ይዘጋዋል። ማይኩ ራቅ ብሎም እንዲሠራ ብለው ስኮልቹን ዝቅ የሚያደርጉት አሉ። ርቀቱ በእርግጥ ይገኛል፤ የሚገኘው ግን ከነሽሽታው ነው።

እንግዲህ ሞገዱን የሚያደክመው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው የሪሲቨሩ አቀማመጥ ይመስለናል። የተለመደውን ተመልከቱ። ሚክሰሩ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሞንታርቦው ጀርባ፣ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሪሲቨሩ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ተደርቧል፤ አንቴናዎቹ ወይ ታጥፈዋል ወይ ከብረት ተጠግተዋል። በመድረኩና በሪሲቨሩ መካከል ደግሞ ሕዝብ ይጨፍራል። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ይህን መሰሉን ሞገድ ይውጠዋል። በ600 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ማይክ የሞገዱ ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከትከሻችን ስፋት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ የቆመን ሰው በቀላሉ ዞሮ አያልፍም። ሪሲቨሩ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ አንቴናው ማይኩን "ሊያይ" በሚችልበት ቦታ ከተቀመጠ ግን ነገሩ ይለወጣል። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ፣ ከ30 ሜትር ወደ 15 ማምጣት፣ በክፍት ቦታ የሚደርሰውን ኃይል አራት እጥፍ ያደርገዋል። ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም፤ ሪሲቨሩን መድረኩ አጠገብ አስቀምጦ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ የድምፅ ገመድ መዘርጋት ነው። አንዳንዱ ይገለብጠዋል። ሪሲቨሩን ሚክሰሩ ዘንድ ትቶ አንቴናውን በቀጭን ኬብል ወደ መድረኩ ይስባል፤ እንዲህ ያለው ቀጭን የአንቴና ኬብል ደግሞ በዚህ ፍሪኩዌንሲ 10 ሜትር ሲሆን የተቀበለውን ኃይል ከግማሽ በላይ ይበላዋል። ባለ ሦስት ፒኑ የድምፅ ገመድ 30 ሜትር ቢሄድ ግን እምብዛም የሚያጣው የለም። ባለ አንድ ጃኩ ቀጭን ገመድ ለዚህ አይሆንም፤ ርዝመቱ ከ6 ወይም ከ7 ሜትር ሲያልፍ እሱ ራሱ ጩኸት መልቀም ይጀምራል።

ከአቀማመጡ ቀጥሎ ያለው ጥፋት በእጃችን ውስጥ ነው። ማይኩን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። በብዙዎቹ የእጅ ማይኮች አንቴናው ከታች፣ ከጭራው በኩል፣ በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ተደብቋል። ማይኩን ከጭራው የሚይዝ ዘፋኝ መዳፉ ያንን አንቴና ይሸፍነዋል፤ ከዚያች ትንሽ ኃይል ብዙው መዳፉ ላይ ይቀራል። ከወንፊቱ ሥር ጨብጦ የሚይዘው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ማይኩ ከፊቱ ያለውን ብቻ እንዲሰማ የሚያደርጉት ቀዳዳዎች ይዘጋሉና ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሁሉ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ፉጨቱም ይከተላል። መሐሉን መያዝ ነው። ከዚያ የባትሪውን ክዳን ክፈቱ። ድንጋዩ የሚነካበት ስፕሪንግ አረንጓዴ ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ ሰውየው በተወዛወዘ ቁጥር የሚሰማው "ቋ፣ ቋ" ከየት እንደመጣ አገኛችሁት፤ በጨርቅና በትንሽ አልኮል ይጸዳል። ርካሹ የካርቦን ድንጋይ አዲስ ሲሆን እንደ አልካላይኑ 1.5 ቮልት ያሳያል፤ ያለማቋረጥ ሲሳብበት ግን ቶሎ ይወርዳል። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ከመጀመሪያው 1.2 ቮልት ስለሆነ የማይኩ ባትሪ ምልክት ዝቅ ብሎ ቢያሳይ ድንጋዩ ሞቷል ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ዝግጅት አዲስ ድንጋይ መክተት ብክነት የሚመስለው ሰው አለ። የወጣው ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓት ገና ብዙ ወር ያገለግላል።

እዚህ ላይ "ይኸው ማይክ ባለፈው ሳምንት በሆቴሉ አዳራሽ ያለ አንዳች እንከን ሠርቷል፤ ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ማይኩ ውስጥ የለም። በአዳራሽ ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳውና ከጣሪያው እየነጠረ ይደርሳል፤ አንዱ መንገድ በሰው ቢዘጋ በሌላው ይመጣል። ሜዳ ላይ በተጣለ ድንኳን የሚነጥርበት ግድግዳ የለም፤ የተዘጋው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። በተቃራኒው ዙሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነጸብራቁን ያበዛዋል፤ በቀጥታ የመጣውና ነጥሮ የመጣው ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ተናጋሪው እዚያች ቦታ ሲደርስ ድምፁ እልም ይላል፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ይመለሳል። ደህና ሪሲቨር ሁለት አንቴና ያለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ያጣውን ሌላው እንዲያገኝ። ሁለቱም ተጣብቀው ከቆሙ ወይም አንዱ ተሰብሮ ከቀረ ግን ሁለተኛው ለጌጥ ነው። ግራና ቀኝ ዘመም አድርጎ እንደ "V" መክፈት የተሻለ ነው። ከዝግጅቱ በፊት አንድ ሰው እየተናገረ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ይዙር፣ ሌላው የሪሲቨሩን የሞገድ መብራት ይይ፤ መብራቱ የወረደበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይቻላል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሽሽታና ስለ መቆራረጥ ነው። ከሞንታርቦ የሚወጣ ጩኸት ሁሉ ግን የሬዲዮ ጩኸት አይደለም፤ ሌላውን ከዚህ መለየት ያለበት ጆሮ ነው። ማይኩ ቢጠፋም የማይቆም፣ ወፍራምና የማያቋርጥ "እምምም" ካለ ምንጩ የመብራቱ መስመር ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው፤ ያ ድምፅ ራሱ 50ው ወይም እጥፉ 100 ኸርዝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ ከሌላ ሶኬት ሲሰካ፣ ሁለቱ የምድር መስመሮች በድምፁ ገመድ በኩል ሲገናኙ ነው። መስመሩ ጭነቱን ከቻለ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት በአንድ ደህና ዲቫይደር ማብላት አብዛኛውን ይፈታል። የሶኬቱን የምድር እግር ቆርጦ ጩኸቱን የሚያጠፋ ሰው አለ። ጩኸቱ በእርግጥ ይጠፋል፤ ግን አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ የሚወርድበት መንገድም አብሮ ጠፍቷል። በክረምት፣ በረጠበ ሣር ላይ ቆሞ ገመድ ያለውን ማይክ የያዘ ሰው በራሱ ገላ ያወርደዋል። ይህን በምንም ምክንያት አታድርጉ፤ በዚህ ላይ የምንደራደረው ነገር የለም።

"ት-ት-ትት፣ ት-ት-ትት" የሚለውን ደግሞ ማንም ያውቀዋል፤ ስልክ ሊጠራ ሲል የሚሰማው ነው። ስልኩ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲሠራ ሞገዱን በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው የሚልከው፤ ኃይሉም እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ያ ቁርጥራጭ በድምፅ ገመድና በሚክሰር ውስጥ ገብቶ ይሰማል። "ኔትወርክ ነው" የሚለው ሰው በዚህች አንዷ ላይ እውነት አለው፤ ይሁንና ጥፋተኛው ኮረብታው ላይ ያለው ማማ ሳይሆን ሚክሰሩ ላይ የተጋደመው የራሱ ስልክ ነው። የደረት ማይክ ያደረገ ሰባኪም ማሰራጫውንና ስልኩን በአንድ ኪስ ባይከት ይመረጣል። ቀጭኑ ፉጨት ግን ከሬዲዮም ከመብራትም አይደለም። ማይኩ ከሞንታርቦ የወጣውን የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው፤ ገመድ ባለው ማይክም ይከሰታል። ሞንታርቦውን ከተናጋሪው ፊት ማስቀደምና ማይኩን ወደ አፍ ማስጠጋት ነው መድኃኒቱ። የአፍና የማይክ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ሚክሰሩን ያንኑ ያህል ዝቅ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ሳይናገርበት ክፍት የተተወ ማይክም ለፉጨቱ ያግዛል።

ጆሮ ሲያመነታ ሙከራ ይፈርዳል። ጩኸቱ እየተሰማ ሳለ ሚክሰሩ ላይ የማይኩን ቻናል ዝቅ አድርጉት። ጩኸቱ ካልቆመ ማይኩ ነጻ ወጣ፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ በገመዱ፣ በአምፑ ወይም በመብራቱ ነው። ከቆመ ቻናሉን መልሱና ማይኩን አጥፉት። ማይኩ ጠፍቶ ሳለ የሪሲቨሩ የሞገድ መብራት ከበራ፣ በእናንተ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ዕቃ አለ። መብራቱም ከጠፋ ጩኸቱም ከጠፋ፣ ማይኩ ሲበራ ብቻ ከተመለሰ፣ ወደ ድንጋዩ፣ ወደ ስፕሪንጉ፣ ወደ አያያዙና ወደ ርቀቱ ተመለሱ። የዚህ ሙከራ ዋጋ በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሹን ተጠርጣሪ ማሰናበቱ ነው። የሚያበላሸው ችኮላ ነው፤ ባለሳውንዱ በአንድ ጊዜ ድንጋይ ቀይሮ፣ አንቴና አዙሮ፣ ገመድ ነቅሎ ሲሰካ ጩኸቱ ቢቆም እንኳ ምኑ እንዳቆመው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዜሮ ይጀምራል።

ከአየር በእውነት የሚመጣ ጩኸት የለም ማለታችን አይደለም። አለ፤ እየበዛም ነው። ትልልቅ የኤል ኢ ዲ ስክሪኖችና ርካሽ የመብራት ማስተካከያዎች በማይኩ ክልል ውስጥ ሞገድ ይረጫሉ፤ ሪሲቨሩን ከእነሱ ማራቅ ያስፈልጋል። ሌላው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ነው። በአሜሪካ የ700 ሜጋ ኸርዝ ክልል እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2010 ጀምሮ፣ ከ600ው ክልል ደግሞ አብዛኛው ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ለመድረክ ማይክ ተከልክሏል፤ ቦታውን የስልክ ኩባንያዎች ይዘውታል። በአውሮፓም ከ694 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያለው ሰፊ ክልል ለሞባይል ኢንተርኔት ተላልፏል። በዚህ የተነሣ በዚያ የማያገለግሉ ደህና ደህና ማይኮች በርካሽ ይሸጣሉ፤ ዘመድ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለክበብ በስጦታ ይልካል። ስጦታው ክብር ይግባውና፣ ከሪሲቨሩ ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ አይከፋም። ከ470 እስከ 694 ባለው ውስጥ ከሆነ የሚሠራበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከስልክ ሞገድ ጋር የመጋጨት አደጋ አለበት። በአገራችን የሞገድ ክፍፍሉን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ብዙ ማይክ የሚገዛ ድርጅት ከግዢው በፊት እዚያ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ይሁን እንጂ በእኛ ከተሞች ማይክን ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ስልክ ሳይሆን ሌላ ማይክ ነው። ከተራን አስቡ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብሩ ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ፤ የየሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን መኪና ላይ የተጫነ የራሳቸውን ሞንታርቦና የራሳቸውን ማይክ ይዘው ያጅባሉ። ቀኑን ሙሉ ተራርቀው ሲሠሩ የዋሉ ማይኮች አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ሆነው ከተገዙ ፍሪኩዌንሲያቸውም አንድ ነው፤ የአንዱ ደብር ወረብ በሌላው ሞንታርቦ ቢወጣ ሊያስገርም አይገባም። በሠርጉም፣ በኢሬቻውም፣ በስታዲየሙም ነገሩ ያው ነው። ፍሪኩዌንሲዎቹ የተለያዩ መሆናቸውም ብቻውን አይበቃም። ሁለት ማይኮች ተቀራርበው ሲሠሩ በማሰራጫዎቹ ውስጥ ሞገዳቸው እየተደባለቀ ሌላ ሞገድ ይወልዳል። አንዱ በ520.0፣ ሌላው በ520.5 ሜጋ ኸርዝ ቢሠራ የሚወለዱት 519.5 እና 521.0 ላይ ናቸው። ሦስተኛውን ማይክ "እኩል እናራርቀው" ብሎ 521.0 ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱ ማይኮች በበሩ ቁጥር ሦስተኛው ሲንጫጫ ያገኘዋል። ሦስተኛው 521.3 ላይ ቢሆን ከዚህ ልጅ ሞገድ ይድናል። እኩል አለማራራቅ ነው ዘዴው፤ ቻናሎቻቸውን በግሩፕ ከፋፍለው የሚሸጡ ማይኮችም ይህን ስሌት በፋብሪካ ጨርሰውት የመጡ ናቸው፤ ሁሉንም ማይክ ከአንድ ግሩፕ መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ማይኮቹን እያበሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ መደርደርም በሌለ ችግር ያሳስታል፤ በዚያ ቅርበት የማይደባለቅ የለም።

"የእኛ ማይክ ፍሪኩዌንሲው የማይቀየር ነው፤ ይህ ሁሉ ለሀብታም ዕቃ የሚሆን ምክር ነው" የሚል አድማጭ አለ፤ እውነቱን ነው፤ ርካሾቹ አንድ ወይም ሁለት ቋሚ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አላቸው። ግን ቋሚ መሆኑ ማወቅን አይከለክልም፤ እንዲያውም ያቀለዋል፤ ቁጥሩ አይለወጥምና አንድ ጊዜ መመዝገብ ይበቃል። የየደብሩ፣ የየቸርቹና የየሳውንድ አከራዩ ማይክ ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍር ማን ከማን ጋር እንደሚጋጭ ከበዓሉ ሳምንት በፊት ይታወቃል። የሚጋጩት በየተራ ይጠቀማሉ ወይም አንዳቸው ገመድ ይዘው ይመጣሉ፤ በሚቀጥለው ግዢም ሌላ ቁጥር ይፈለጋል። መለኪያ የለንም የሚለውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ፍሪኩዌንሲ የሚቀይሩ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ነጻውን ቻናል ራሳቸው ይፈልጋሉ፤ በላፕቶፕ ፍላሽ ቦታ የሚሰካ፣ ለቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠራ ርካሽ ዕቃም በነጻ ፕሮግራም አየሩን የሚያሳይ መለኪያ ይሆናል። አምቦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በሀጫሉ ሁንዴሳ ስም በተሰየመው ካምፓስ ቴክኖሎጂ ይማራሉ። አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ስታዲየሙ ላይ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ፣ የትኛው ቻናል ባዶ እንደሆነ ለከተማው ሁሉ ጽፎ ሊሰጥ ይችላል። የአምቦው ውጤት ለአዲስ አበባ ወይም ለባኮ አይሠራም፤ አየሩ በየከተማው ሌላ ነው።

ስለ ሙከራው ንግግርም አንድ ነገር እናክል። "ሀሎ፣ ሀሎ፣ ማይክ ቴስት፣ ዋን፣ ቱ" ብዙ አይነግረንም። እነዚህ ለስላሳ ድምፆች ናቸው፤ የደከመ ማይክም ያልፋቸዋል። በኤፍ ኤም የሚሠራ ማይክ ድምፁን ጨምቆ ይልካል፣ ሪሲቨሩ ይዘረጋዋል፤ በዚህ መካከል ስሕተት ካለ የሚታየው በሹል ድምፆች ላይ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም ደግሞ ሹል ድምፅ ሞልቷል። "ጳጳስ"፣ "ጠጠር"፣ "ጨጨብሳ"፣ "ሰንሰል" እያሉ አንዴ በለሆሳስ፣ አንዴ በዘፋኝ ጉልበት ሞክሩት። ከቃሉ ኋላ የሽሽታ ጭራ ከተከተለ ሞገዱ ደክሟል፤ ሲጮሁ ብቻ ድምፁ ከተቀደደ የማይኩ መጠን ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ወይም የሪሲቨሩ ድምፅ ወደ ሚክሰሩ በማይሆነው ቀዳዳ ገብቷል። ሽሽታውን ለመሸፈን ቮሊዩም መጨመር ሽሽታውንም አብሮ መጨመር ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ "ይህን ሁሉ ጣጣ ከምንሸከም ለምን በገመድ አንናገርም?" ይላል። ለማይንቀሳቀስ ተናጋሪ፣ ለዲስኩር፣ ለምርቃት፣ እኛም ገመድን እንመርጣለን። ዋጋውም ያንሳል፣ ጎረቤትም አያስቸግረውም። ገመድ አልባው የሚያስፈልገው ለሚዘል ዘፋኝ፣ በምዕመናን መካከል ለሚዘዋወር ሰባኪ፣ በእግር ለሚሄድ መዘምር ነው። እንዲህ ያለው መድረክም ቢሆን አንድ ገመድ ያለው ማይክ ያስፈልገዋል፤ በመድረኩ ጫፍ ተሰክቶ፣ ከመጀመሩ በፊት ተፈትኖ፣ ሚክሰሩ ላይ በራሱ ቻናል ተዘግቶ ይጠብቅ። ገመድ አልባው በመሐል ሲንጫጫ ባለሳውንዱ እዚያው መድረክ ላይ ምርመራ አይጀምር። ቻናሉን ይዝጋ፣ የገመዱን ይክፈት፣ ለተናጋሪው ያቀብል፤ ድንጋዩን፣ አንቴናውንና የሪሲቨሩን መብራት እስከሚቀጥለው ዘፈን ድረስ ከጀርባ ሆኖ ይመልከት።